የህንድ ፊልም ዘፈን ውስጥ ያ ሁሉ ሙዚቃ ከየት መጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እኛ ቤት የህንድ ፊልም የማይታይበት ቅዳሜ አልነበረም። ቋንቋውን ባላውቀውም ዘፈኖቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አሁን ሳዳምጣቸው ግን ግራ ይገባኛል። አንዱ ዘፈን ውስጥ ጃዝ አለ፣ ዓረብኛ አለ፣ ዲስኮ አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ የኛን ትዝታ የሚመስል ነገር ይሰማኛል። ሰርቀው ነው ወይስ ፈጥረው? ከሰረቁስ እንዴት የህንድ ሆኖ ይሰማል?»

ሰላም እህቴ። ስርቆቱን አስቀድሜ ልገላገለው። አዎ፣ ሰርቀዋል። ብዙ ጊዜ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። በ1977 በወጣው «ሁም ኪሲሴ ኩም ናሂን» ፊልም ውስጥ የስዊድኖቹን የአባ ባንድ «ማማ ሚያ» በሂንዲ ግጥም ትሰሚያታለሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2004 የወጣው «መርደር» ፊልም ውስጥ ያለችው «ካሆ ና ካሆ» የግብፁ አምር ዲያብ «ተማሊ መዓክ» ናት። ዓረብ አገር የሠራ ሰው ገና ስትጀምር ይለያታል። በ1990 እና በ1991 ህንድን ያስጨፈሩት «ታማ ታማ ሎጌ» እና «ጁማ ቹማ ዴ ዴ» ደግሞ የተቀዱት ከጊኒው ሞሪ ካንቴ ነው፣ በ1987 ካወጣው «አክዋባ ቢች» አልበም። አስቢው፤ አንዱን የሠራው ባፒ ላሂሪ፣ ሌላውን የሠሩት ላክስሚካንት እና ፒያሬላል። ተፎካካሪዎች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ አፍሪካዊ አልበም ቀድተው ሁለቱም ሂት አወጡ።

ይሄን ይዘው «የህንድ ፊልም ሙዚቃ ሁሉ ቅጂ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዜማ መቅዳት ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው። አንቺን ግራ ያጋባሽ ቅልቅል ግን ዜማው ላይ አይደለም ያለው፣ ቅንብሩ ላይ ነው። ቅንብሩን የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ስማቸው ፖስተር ላይ ያልወጣ ሰዎች ናቸው።

እስኪ አንድ ነገር ሞክሪ። የ1950ዎቹን ወይም የ60ዎቹን አንድ የሂንዲ ዘፈን ክፈቺና ዘፋኟን ለጊዜው ተያት። ድምፅዋ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ብቻ አዳምጪ። የሂንዲ ፊልም ዘፈን አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አዝማች አለው፣ ሙክዳ ይሉታል። ስንኞቹ አሉ፣ አንታራ ይሏቸዋል። በመሃል በመሃል ሙዚቃው ለትንሽ ጊዜ ብቻውን ይሄዳል፣ እኛ ኢንተርሉድ የምንለው። የውጭው ሙዚቃ የሚገባው በብዛት እዚያ ጋ ነው። ዘፋኟ ስትዘፍን ከሥሯ ታብላ ወይም ዶላክ የሚባሉት የህንድ ከበሮዎች አሉ፣ ዜማው ከራጋ፣ ማለትም ከህንድ ክላሲካል ቅኝት፣ ወይም ከገጠር ዘፈን የመጣ ነው፣ ድምፅዋም ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ዝም ስትል ሳክስፎን ይገባል፣ ቫዮሊኑ በሙሉ ይነሳል፣ ማንዶሊን ወይም አኮርዲዮን የሆነ የአውሮፓ ወደብ ላይ ያለ የሚመስል ነገር ይጫወታል፣ ከዚያ እሷ ስትመለስ ሁሉም ቦታዋን ለቆላት ዘወር ይላል። «እንዴት የህንድ ሆኖ ይሰማል?» ላልሽው ግማሹ መልስ ይሄ ነው። ድምፁን አልነኩትም።

ያንን ማን ሠራው? እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ታሪክ ይሄ ስለሆነ። ጎዋ የምትባለው የህንድ ጠረፍ እስከ 1961 የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች። የካቶሊክ ደብሮቹ ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ልጆቹም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ኖታ ማንበብና ቫዮሊን መጫወት ይማሩ ነበር። ሙዚቀኛ ሆነሽ ግን ጎዋ ውስጥ ሠርተሽ አትበይም። ስለዚህ ቫዮሊናቸውንና ትራምፔታቸውን ይዘው ወደ ቦምቤይና ወደ ካልካታ ተሰደዱ። በ1930ዎቹ ቦምቤይ ታጅ ማሃል ሆቴል ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ ይጫወቱ ነበር፤ የሊዮን አቢ ባንድ በ1935 እዚያ ነበር። ፒያኒስቱ ቴዲ ዌዘርፎርድ ጭራሽ እዚያው ቀርቶ በ1945 ካልካታ ውስጥ ሞተ። ጎዋኖቹ ስዊንግን፣ የጃዝን የዳንስ ምት፣ የተማሩት ከነዚህ ሰዎች ጎን ሆነው ነው፣ ከሸክላ ብቻ አይደለም። ከዚያ በ1947 እንግሊዞቹ ወጡ። በ1949 ደግሞ ቦምቤይ ላይ መጠጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። መጠጥ ከሌለ ናይት ክለብ የለም፣ ናይት ክለብ ከሌለ የጃዝ ባንድ እንጀራ የለውም። እንጀራው ያለው ፊልም ስቱዲዮ ነበር። ሄዱ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሥራው እንዲህ ይከፋፈል ነበር። ዜማ ደራሲው ሃርሞኒየሙን፣ በእጅ አየር የሚነፋለትን ትንሽ ኪቦርድ፣ ይዞ ዜማውን ያንጎራጉራል። ረዳቱ በህንድ አጻጻፍ፣ ሳ ሬ ጋ ማ እያለ ይይዘዋል። ጎዋኑ አቀናባሪ ያንኑ በአምስት መስመር ኖታ ይገለብጠዋል፣ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይሰጠዋል፣ መግቢያውንና ኢንተርሉዱን ያሟላል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ያድላል። አብዛኛዎቹ ዜማ ደራሲዎች ይሄን ኖታ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ አብዛኛዎቹ ጎዋኖች ደግሞ ስለ ራጋ ብዙ አያውቁም ነበር። ቅልቅሉ የተወለደው ከዚህ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀዳል፣ ዘፋኙም ኦርኬስትራውም። አንድ ሰው ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው።

ኮርድ መስጠቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ በኮርድ አይሄድም፤ አንድ ዜማ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ታንፑራው የማያቋርጥ አንድ ድምፅ ይይዛል። ራጋ ላይ ያልሆነ ኮርድ ከጣልሽበት ጠባዩ ይጠፋል። ጭራሽ ካልጣልሽ ደግሞ ያ ሁሉ ቫዮሊን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። እኛም ትዝታና አምባሰልን በኪቦርድ ስናጅብ የሚገጥመን ችግር ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር በየጊዜው የምንጨቃጨቅበት። ጎዋኑ አቀናባሪ ሴባስቲያን ዲሱዛ ለዜማ ደራሲዎቹ ለኦ ፒ ናያርና ለሻንካር ጃይኪሻን ሲሠራ ያገኘው መላ እኔ እስካሁን የምደነቅበት ነው። ኮርዱን ደራርቦ ከመጫን ይልቅ ለቫዮሊኖቹ ሌላ ዜማ ይጽፍላቸዋል። ዘፋኙ ወደ ላይ ሲወጣ እነሱ ይወርዳሉ፣ እሱ ሲያርፍ እነሱ ይንቀሳቀሳሉ። ሀርሞኒው አለ፣ ግን ዜማውን አያንቀውም።

ሌላው አንቶኒ ጎንሳልቭስ ነው። ቫዮሊን አስተማሪ ነበር፤ በኋላ ዜማ ደራሲ የሆኑት አር ዲ በርማንና ፒያሬላል ተማሪዎቹ ናቸው። በ1958 የራሱን ኦርኬስትራ አቋቁሞ ራጋን በሲምፎኒ ለማቅረብ ሞክሯል፣ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። ያቺ «አማር አክባር አንቶኒ» ላይ አሚታብ ባቻን ከትልቅ እንቁላል ውስጥ ወጥቶ የሚዘፍናትን «ማይ ኔም ኢዝ አንቶኒ ጎንሳልቭስ» ታውቂያት የለ? ፒያሬላል ለአስተማሪው የሰጠው ክብር ናት። ከጎዋን አቀናባሪዎች መሃል ስሙ በሕዝብ አፍ የገባ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱም በቀልድ ዘፈን። ትራምፔተኛው ቺክ ቾኮሌት ቢያንስ ፊቱ ታይቷል፤ በ1951 «አልቤላ» ፊልም «ሾላ ጆ ባድኬ» ላይ ከነባንዱ የኩባ ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ ይጫወታል።

መንግሥት ይሄን ቅልቅል አልወደደውም ነበር። በ1952 የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ኬስካር የፊልም ዘፈን ክላሲካሉን ያበላሻል፣ ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል ብለው ከኦል ኢንዲያ ሬዲዮ እንዲጠፋ አደረጉ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ሞገዱን አዙሮ ከስሪላንካ የሚተላለፈውን ሬዲዮ ሲሎንን ማዳመጥ ጀመረ። በ1957 መንግሥት ተሸንፎ ቪቪድ ባራቲ የሚባል የመዝናኛ ጣቢያ ከፈተ። የሚገርመው ይኸው ሬዲዮ ከ1940 እስከ 1971 ሃርሞኒየምንም ከልክሎ ነበር፣ የአውሮፓ መሣሪያ ነው፣ የህንድን ኖታ አያንሸራትትም ብሎ። ዛሬ ሃርሞኒየም የሌለበት የህንድ ሙዚቃ ማን ያስባል? «ንጹሕ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ትናንት የተቀላቀለ ነው። አንድ ልጨምርልሽ፦ በ1954 «ናጊን» ፊልም ላይ እባብ የሚያስጨፍረው የዋሽንት ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ በኋላ እባብ በታየ ቁጥር የሚመጣው ያ ዜማ፣ ዋሽንት አይደለም። ካልያንጂ የሚባል ሙዚቀኛ ክላቪዮሊን በምትባል የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው የተጫወተው። ህንዶች ራሳቸው «ጥንታዊ» ብለው የሚያስቡት ድምፅ ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጣ መሣሪያ ነው።

የትኛው ሙዚቃ ለማን ይሰጣል የሚለውም ጨዋታ ነበረው። ጨዋዋ ልጅ በዋሽንትና በሲታር ታፈቅራለች፣ ላታ ማንጌሽካር ትዘፍንላታለች። ክለብ ውስጥ የምትጨፍረዋ ደግሞ ሳክስ፣ ቦንጎና ኤሌክትሪክ ጊታር ይደርሳታል፣ የምትዘፍንላትም አሻ ቦስሌ ናት። ዳንሰኛዋ ሄለን ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ሙዚቃ ነው የኖረችው። የወንበዴ ሠፈር ከሆነ ዓረብ ዓረብ የሚል ነገር ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ክፍፍል አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል፤ የውጭ ሙዚቃ የኃጢአት ምልክት ሆኖ ነው የገባው። ግን ለአቀናባሪው ነፃነት ሰጠው። ክለቡ ውስጥ እስከሆነ ድረስ የፈለገውን መሞከር ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም።

አር ዲ በርማን ያንን ነፃነት ከክለቡ አውጥቶ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ጋ አመጣው። በ1971 «ዱም ማሮ ዱም» ላይ ያለው የጊታር መግቢያ የሮክ ነው፣ የአሻ ድምፅ ግን እንደ ህንዳዊ ነው የሚንቀሳቀሰው። በ1973 «ቹራ ሊያ ሄ» የምትጀምረው ብርጭቆ ሲመታ በሚወጣው ጭል የሚል ድምፅ ነው። የበለጠ የምወደው ምሳሌ ግን የ1975ቱ «ሾሌ» ውስጥ ያለችው «መህቡባ መህቡባ» ናት፣ ምክንያቱም ስርቆቱንም ፈጠራውንም አንድ ላይ ታሳያለች። ዜማዋ የግሪካዊው ዴሚስ ሩሶስ ነው፣ የሱ ደግሞ ከቆጵሮስ ባህላዊ ዘፈን የመጣ ነው። እሺ፣ ተሰረቀ። አሁን ሁለቱንም አከታትለሽ ስሚያቸው። በርማን መጀመሪያ ላይ ጠርሙስ አፍ ላይ እየነፋ «ሁፕ ሁፕ» የሚል ሪትም አወጣ። ከዚያ ዘፋኝ ሳይቀጥር በራሱ ሻካራ፣ ጉሮሮውን በሚቧጥጥ ድምፅ ዘፈነው። የሩሶሱ ለስላሳ የእራት ሙዚቃ ነው፣ የሱ አቧራና ላብ አለው። ዜማው አንድ፣ ዘፈኑ ሌላ።

ዲስኮውን በአጭሩ ላሳልፈው፣ ብዙም ልቤ የለበትም። አንድ ነገር ብቻ። በ1980 «ኩርባኒ» ፊልም ላይ ያለችው «አፕ ጄሳ ኮይ» የተሠራችው ለንደን ነው። የሠራት ቢዱ የባንጋሎር ልጅ ነው፣ ያቺን በ1974 ዓለምን ያዳረሰች «ኩንግ ፉ ፋይቲንግ» ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። የዘፈነችው ናዚያ ሃሰን ለንደን የምትኖር የ15 ዓመት ፓኪስታናዊት ልጅ ነበረች። ስለዚህ «ህንዶች ዲስኮን ከምዕራቡ ወሰዱ» ሲባል አንድ የህንድ ልጅ ለንደን ሄዶ ሲሠራው እንደነበር አትርሺ። ከዚያ በ1982 ባፒ ላሂሪ በ«ዲስኮ ዳንሰር» መጣ፣ ሶቪየት ኅብረት ድረስ አበደለት።

የደቡቡ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ቦምቤይ ውስጥ ዜማው የአንዱ፣ ቅንብሩ የሌላው ነበር። ማድራስ ላይ ዜማ ደራሲው ኢላያራጃ ሁለቱንም ብቻውን ያዘው። የገጠር ልጅ ነው፣ ከወንድሞቹ ጋር በየመንደሩ እየዞረ ሲዘፍን ያደገ። ማድራስ መጥቶ ዳንራጅ ማስተር ጋ የአውሮፓን ኖታና ሀርሞኒ ተማረ። በ1976 «አናኪሊ» በሚባል ፊልም ሲጀምር የታሚል ገበሬ ዜማ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር መጣ። ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፣ የሁሉንም መሣሪያ ኖታ በቀጥታ ይጽፋል፣ ያድላል። ቤዝ ጊታሩን ልብ በይልኝ፤ ዝም ብሎ ኮርዱን አይከተልም፣ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ከጀርመናዊው የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ ከባህ የተማረውን ነገር በገጠር ከበሮ ላይ ያስኬደዋል። ለኔ ከሁሉም የላቀው ቅልቅል ይሄ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

እሱ ጋ ኪቦርድ ሲጫወት የነበረ ልጅ ነው ኤ አር ራህማን። በ1992 «ሮጃ»ን ሲሠራ ኮምፒውተር፣ ሲንተሳይዘርና ግቢው ውስጥ የሠራት ትንሽ ስቱዲዮ ነበረችው። ዘፋኞቹን እየነጠለ ይቀዳል፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ከዚያ ይቆራርጣል፣ ይደራርባል። ያ ዘፋኟ ዝም ስትል ብቻ የሚገባው ሙዚቃ አሁን ከሥሯ ገባ፣ ድንበሩ ጠፋ። በ1998 «ዲል ሴ» ላይ ሻህሩክ ካን ባቡር ጣሪያ ላይ የሚጨፍርባትን «ቻይያ ቻይያ» ስሚ። መነሻዋ የፑንጃብ ሱፊ መዝሙር ነው፣ የቡሌ ሻህ ግጥም። የሱክዊንደር ሲንግ ድምፅ የመንደር ነው፣ ሳፕና አዋስቲም እንደዛው። ከሥራቸው ያለው ምት ግን እንደ ዳንስ ክለብ አንዴ ከተነሳ አይለቅም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ በ2006 «ኢንሳይድ ማን» ፊልሙን በዚህች ዘፈን ነው የከፈተው። የዚህ ለውጥ ዋጋ ግን ነበረው። ኮምፒውተሩ ሲገባ ያ ሁሉ ቫዮሊንና ነፋስ መሣሪያ ተጫዋች ከስቱዲዮ ወጣ። የዛሬ ብዙ የቦሊውድ ዘፈን የሚያሰለቸኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ የተቀላቀለው ሁሉ ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ነው የሚወጣው፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጋጭቶ አልመጣም።

ደግሞ ስርቆት ካልን ወደዚያም ይሄዳል። የብሪትኒ ስፒርስ «ቶክሲክ» ላይ ያለው የሚጮኸው ቫዮሊን በ1981 ከወጣው «ኤክ ዱጄ ኬ ሊዬ» ፊልም የተቆረጠ ነው፣ የላክስሚካንትና ፒያሬላል ሥራ። ብላክ አይድ ፒስ በ2005 «ዶንት ፈንክ ዊዝ ማይ ሃርት»ን ከሁለት የካልያንጂ አናንድጂ ዘፈኖች ነው የሠሩት፣ ግራሚም ወስደውበታል። በ2002 ትሩዝ ኸርትስ የምትባል አሜሪካዊት የባፒ ላሂሪን ዘፈን ሳታስፈቅድ ተጠቅማ ስትወጣ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ስሙ ካልተጻፈ ሲዲው እንዳይሸጥ ታገደ። ሲቀዳ የኖረው ባፒ ተቀዳሁ ብሎ ከሶ ማሳገዱ መቼም ደስ ይላል።

የቀረው ትዝታው ነው። ጆሮሽ አልዋሸሽም። ራጋ ቡፓሊ የሚባለው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። የኛ ትዝታ ሜጀርም እነዚሁ አምስት ናቸው። አምባሰል ደግሞ ጉንካሊ ከሚባለው ራጋ ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ይሄ ማንም ከማንም ወስዶ አይደለም፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። ቡፓሊ ውስጥ ክብደቱ ሚ ላይ ነው፣ ዘፋኙ እዚያ እየተመለሰ ያርፋል፣ ከሶል ወደ ሚ ሲወርድም ተንሸራቶ እንጂ ረግጦ አይደለም። የኛ ዘፋኝ ድምፁን የሚያርገበግበው ሌላ ቦታ ላይ፣ በሌላ ዓይነት ነው። በ1993 «ሩዳሊ» ፊልም ላይ ያለችውን «ዲል ሁም ሁም ካሬ» ክፈቺ፣ የቡፔን ሃዛሪካ ዜማ ናት። ላታ የዘፈነችው አለ፣ ራሱ የዘፈነውም አለ፣ ሁለቱንም ስሚ። ቤት ውስጥ ክራር ካለ ትዝታ ሜጀር ቃኚና ድምፁን ከሷ ጋር አስተካክለሽ አብረሻት ተጫወቺ። አብዛኛውን ታገኚዋለሽ። እሷ ስትንሸራተት ግን ክራሩ ይቀራል፣ እዚያ ጋ በአፍሽ አንጎራጉሪው።